መጋረጃዋ

ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ላይ ግብር ሲያበሉ አዳራሹ መጋረጃ ነበረው። ንጉሠ ነገሥቱ መጀመሪያ ከመኳንንቱ ጋር ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ይመገባሉ። እነሱ ሲያበቁ መጋረጃው ይገለጥና የቀረው ሰው እንደየማዕረጉ በየተራው ይገባል። ዛሬ ይህን ስናነብ “አይ የድሮ ሰው!” እያልን ፈገግ እንላለን። ያቺ መጋረጃ ግን የትም አልሄደችም። አሥር ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ወጥታ በቢዝነስ ክላስና በኢኮኖሚ መካከል ተንጠልጥላለች።

እኔ ሁልጊዜ ከመጋረጃዋ ወዲህ ከሚቀመጡት ነኝ። ረጅም የሌሊት በረራ ላይ ጉልበቴን ከፊቴ ካለው ወንበር ጋር አጣብቄ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንድ ነገር ይገርመኛል። ከፊት ያሉት ሰዎች ከኔ ቀድመው አይደርሱም። አውሮፕላኑ ቢዘገይ አብረን እንዘገያለን፤ ቢናወጥም እነሱም እኛም የየታቦታችንን ስም እንጠራለን። ታዲያ የኔን ቲኬት ሦስትና አራት እጥፍ የሚከፍሉት ምን ለመግዛት ነው? አልጋና ሻምፓኝ ነው ማለት ይቻላል። የነገሩን ታሪክ ላገላበጠ ሰው ግን መልሱ ትንሽ ጠለቅ ይላል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች የኛ ናቸው ካላልኩ በቀር የፈረንጅ ናቸው።)

መጀመሪያ ነገር፣ ጥንት መጋረጃ አልነበረም። በ1939 ፓን አሜሪካን ውሃ ላይ በሚያርፈው ቦይንግ 314 አትላንቲክን እያሻገረ መንገደኛ ማመላለስ ሲጀምር የአንድ ጉዞ ዋጋ 375 ዶላር ነበር። በዚያ ዘመን ገንዘብ ይህ ቀላል አይደለም። በዚያ አውሮፕላን ውስጥ የመመገቢያ ክፍልና መኝታ ነበረ፤ ጭራው አካባቢም ለሙሽሮች የሚሆን ልዩ ክፍል ተዘጋጅቶ ነበር። ያም ሆኖ ተሳፋሪው ሁሉ ያው ተሳፋሪ ነው። በ1947 ይኸው ኩባንያ ከኒው ዮርክ ተነስቶ በምሥራቅ በኩል ዓለምን ዞሮ ሳን ፍራንሲስኮ የሚገባ መደበኛ በረራ ሲከፍትም ነገሩ እንደዚያው ነበር። ድሃን ከሀብታም የሚለይ መጋረጃ ያላስፈለገው ድሃው አውሮፕላኑ ውስጥ ስላልነበረ ነው። ድሃው መርከብ ላይ ነበር፤ ያውም ታች፣ ሦስተኛ ማዕረግ።

በኛም አገር ተመሳሳይ ነገር እናያለን። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለሰው ባቡር ብዙ ሕዝብ ስለሚጭን አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕረግ ነበረው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ የያዛቸው አውሮፕላኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ሲ-47ዎች ነበሩ። በግራና በቀኝ ግድግዳ ሥር የሚታጠፍ አግዳሚ፣ መሐል ወለሉ ላይ በገመድ የታሰረ ጭነት፤ አለቀ። ቲኬቱን የቆረጠ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከጭነቱ ወዲያና ወዲህ ፊት ለፊት ተፋጦ ይበራል።

ነገሩ የተለወጠው በ1952 ነው። በዚያ ዘመን የቲኬት ዋጋ የሚወሰነው በየኩባንያው ፍላጎት ሳይሆን በማኅበራቸው፣ በአያታ፣ ስምምነት ነበር። ማኅበሩ በዚያ ዓመት ግንቦት ወር ላይ አትላንቲክን ለሚሻገሩ በረራዎች “ቱሪስት” የሚባል ርካሽ መደብ ፈቀደ። ከኒው ዮርክ ለንደን ደርሶ መልስ 711 ዶላር የነበረው በ486 ተቻለ። ወንበሩ ተጠጋጋ፣ ምግቡ ቀለለ፣ መምህሩና ጸሐፊዋም መሳፈር ጀመሩ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚያ ቀን የተፈለሰፈው አንደኛ ማዕረግ አይደለም፣ ሁለተኛው ነው። እስከዚያ ድረስ “መንገደኛ” ብቻ ይባሉ የነበሩት ሰዎች ወንበራቸው ንቅንቅ ሳይል በአንድ ሌሊት የአንደኛ ማዕረግ ሰዎች ሆነው አደሩ። ሹመታቸውን ያገኙት ከኋላቸው በገባው ሰው ነው።

በ1958 ደግሞ ከቱሪስት የረከሰው “ኢኮኖሚ” መጣ። አሁን ጭንቀቱ የኋለኛው ሰው እንዳይመቸው ሆነ። ስምምነቱ ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ የሚቀርበው ሳንድዊች ብቻ ነው፣ እሱም ተራ፣ ቀዝቃዛና ርካሽ መሆን አለበት ይላል። የስካንዲኔቪያው አየር መንገድ ግን በአገሩ ወግ ዳቦው ላይ ሥጋውንም ዓሣውንም ቆልሎ አቀረበ። ፓን አሜሪካን “ይሄ ሳንድዊች ሳይሆን ድግስ ነው” በሚል መንፈስ አቤቱታ አሰማ፤ ማኅበሩም ጉዳዩን መርምሮ ስካንዲኔቪያውያኑን ቀጣ። ዓለም አቀፍ ድርጅት ተሰብስቦ ለድሃ ጎርሻ ልክ ሲያወጣ ማየት ያስቃልም፣ ያሳዝናልም። ነገር ግን ከንግድ አንጻር ትክክል ነበሩ። ከኋላ ያለው ሰው ጥሩ ከበላ ከፊት ያለው ለምን አብልጦ ይከፍላል?

በ1970 ቦይንግ 747 ሥራ ጀመረ። ያን ሁሉ ወንበር ለመሙላት ዋጋ መቀነስ ግድ ነበር። በ1978 አሜሪካ የአገር ውስጥ በረራ ዋጋን ከመንግሥት ቁጥጥር ስታላቅቅማ ፉክክሩ ጦፈ። ኩባንያው ሙሉ ዋጋ የከፈለለት ነጋዴ ግማሹን እንኳ ካልከፈለ ተማሪ ጎን፣ እኩል ወንበር ላይ መቀመጥ መረረው። ቅሬታው እውነት አለው፤ አብልጦ የከፈለ አብልጦ ማግኘት ይሻል። መልሱ ሌላ መጋረጃ ሆነ። የአውስትራሊያው ካንታስ በ1979 ቢዝነስ ክላስ ብሎ ከፈተ፤ ሌሎቹም በያሉበት በየራሳቸው ስም ተከተሉ። ስለዚህ ታሪኩ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ አዲስ ሰው በኋላ በር በገባ ቁጥር ከፊት አዲስ መጋረጃ ይሰቀላል።

ገንዘብ በእውነት ጊዜ የገዛበት ዘመን አንድ ብቻ ነው፤ የኮንኮርድ ዘመን። ከ1977 እስከ 2003 አንድ መቶ ያህል ሰው ይዞ ከለንደን ኒው ዮርክ በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርስ ነበር። በ2000 ፓሪስ አጠገብ 113 ሰው ያለቀበት አደጋ ደረሰ፤ ወጪውም አልቻል አለ፤ ቆመ። የሚገርመው በዚያው በ2000 ብሪቲሽ ኤርዌይስ ቢዝነስ ክላሱን ሙሉ በሙሉ ወደሚዘረጋ አልጋ ለወጠ። በ2014 የአቡዳቢው ኢትሃድ ሳሎን፣ መኝታ ቤትና ሻወር ያለው መኖሪያ አውሮፕላን ውስጥ ሠራ። ፍጥነቱ ሞተ፤ አልጋው ተረፈ። ሰው ቶሎ ከመድረስ ይልቅ ተለይቶ መድረስን መረጠ።

“ታዲያ ምን አገባህ? ሰው በገንዘቡ ቢንፈላሰስ!” የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፣ በገንዘቡ ከሆነ አያገባኝም። እንዲያውም ከፊት ያሉት ጥቂት ወንበሮች ከቁጥራቸው እጅግ የበለጠ ገቢ ስለሚያስገቡ ብዙ ረጅም በረራ ያለነሱ አይቆምም፤ በዚህ በኩል ባለውለታዎቻችን ናቸው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ከፊት ካሉት ስንቶቹ ከኪሳቸው ከፈሉ? በ1981 አሜሪካን ኤርላይንስ ለደንበኛ በበረረው ልክ ማይል እየቆጠረ ነፃ ጉዞ የሚሸልም ዘዴ ሲያመጣ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ቲኬቱን መሥሪያ ቤት ይከፍላል፤ ማይሉ ግን በግለሰቡ ስም ይጠራቀማል። ከፋዩ ሌላ፣ ተሸላሚው ሌላ። ዛሬ የማይል ፕሮግራም የሌለው ትልቅ አየር መንገድ ማግኘት ያስቸግራል።

ነገሩ ወደ ድሃ አገር ሲመጣ ይከብዳል። ስለ ድህነት ቅነሳ ለመወያየት አልጋ ላይ ተኝቶ የሚሻገር ባለሥልጣንና የድርጅት ኃላፊ አለ። በዚያው አውሮፕላን፣ ከመጋረጃዋ ወዲህ፣ ቤይሩት ወይም ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ይዛ የምትመለስ ልጅ አለች። እሷ የላከችው ገንዘብ ቤተሰቧ ስኳርና ሳሙና ሲገዛበት ቀረጥ ይቆረጥበታል። በአማርኛ ጌታ የሚያበላው ድግስም ሕዝብ የሚከፍለው ገንዘብም “ግብር” ነው። አባቶቻችን አንዱ ከሌላው እንደሚወጣ ያውቁ ነበር መሰለኝ።

እኔ የበረራ ታሪክ ተአምር የምለው ከኋላ ያለውን ነው። ሀብታም ምንጊዜም መንገድ አያጣም፤ በበቅሎም፣ በመርከብም፣ በሰማይም። ሕመምተኛው ለሕክምና የሄደው፣ ልጅ ያሳደገች እናት አሜሪካ ገብታ የልጅ ልጇን ያቀፈችው ግን ያ ጠባብ ወንበር በመፈጠሩ ነው። በግንቦት 1991 ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ሲጓጓዙ ከበርካታዎቹ አውሮፕላኖች ወንበር ተነቅሎ ነበር። አንዱ 747 የታቀደለት 760 ሰው ሆኖ ሳለ ከ1,000 በላይ ይዞ በረረ። በአንድ በረራ ያን ያህል ሰው ተጭኖ አያውቅም ይባላል። በዚያች ሌሊት ፊትና ኋላ የሚለይ አልነበረም፤ ሁሉም ለመድረስ ብቻ ነበር የተሳፈረው።

መጋረጃዋ ትውረድ አልልም፤ ብል ማን ይሰማኛል? ከመጋረጃዋ ወዲያ በራሱ ገንዘብ ለሚተኛ፣ መልካም እንቅልፍ። በሕዝብ ገንዘብ የሚተኛው ግን ሲነሳ ምን ይዞልን እንደመጣ ይንገረን።