ጆሮና ጅራፍ፦ ከስህተት የሚማር የሥራ ባህል በአቪዬሽን ታሪክ ሲታይ

ስለ ሥራ ቦታ ስህተት የሚጻፉ የአስተዳደር መጻሕፍት በአብዛኛው ነገሩን የጠባይ ጉዳይ ያደርጉታል፤ አለቃው ታጋሽ፣ ሠራተኛው ግልጽ፣ ባልደረባውም ቅን ከሆነ ስህተት በጊዜው ይነገራል፣ ከተነገረም ይታረማል የሚል እምነት አላቸው። እምነቱ ፈጽሞ ሐሰት ባይሆንም ዋናውን ጥያቄ ይዘለዋል። ስህተቱን ለመናገር የሚያመነታ ሠራተኛ ከአለቃው ጠባይ አስቀድሞ የሚያሰላው፣ የተናገረው ነገር በማን እጅ እንደሚገባና ያ ሰው መረጃውን ይዞ ምን ሊያደርግበት ሥልጣን እንዳለው ነው። በዚህ መጣጥፍ የሚቀርበው መከራከሪያም፣ ያለ ወቀሳ ከስህተት የመማር ባህል የሚበቅለው ስህተትን የሚሰማው ጆሮ ከሚቀጣው ጅራፍ በአሠራር ተለይቶ ሲቀመጥ ነው፣ ይህ ሳይሆን የሚሰጥ ምክርና ስብከት ግን ብዙ አያራምድም የሚል ነው። በዚህ ረገድ ረጅሙን ልምድ ያካበተው የአቪዬሽን ዘርፍ ስለሆነ ማስረጃው በዋናነት ከዚያ ይወሰዳል።

አስቀድሞ የቃሉን ነገር ማጥራት ያስፈልጋል። እዚህ «ስህተት» የሚባለው ሠራተኛው ሊያደርግ ካሰበው ሳይወድ የወጣበት፣ ወይም በእጁ በነበረው መረጃ ልክ ነው ብሎ የወሰነውና ኋላ ልክ ሆኖ ያልተገኘ ድርጊት ነው፤ አውቆ ደንብ መጣስ፣ ጠጥቶ ሥራ መግባት ወይም ማስረጃ መደበቅ በዚህ ውስጥ አይካተትም። አማርኛ ይህን ልዩነት ለማስጠበቅ ብዙም አያግዝም። «አጠፋ» የሚለው ግስ መብራት ማጥፋትንም፣ ንብረት ማውደምንም፣ በደል መፈጸምንም ባንድ ላይ ስለሚይዝ፣ «አጥፍቻለሁ» ያለ ሰው መሳሳቱን ብቻ ሳይሆን መበደሉንም አብሮ ያመነ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ከእርሱ የሚጠበቀው ይቅርታ መጠየቅ ወይም ቅጣቱን መቀበል ሲሆን፣ ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ማስረዳት ቢጀምር «ሰበብ አታብዛ» ይባላል። ለመማር የሚፈለገው ግን ያ ሰበብ የተባለው ማብራሪያ ራሱ ነው።

የዘመናዊው የስህተት ዘገባ ሥርዓት መነሻ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1974 የደረሰ አደጋ ነው። የቲ.ደብሊው.ኤ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 514 የነበረው ቦይንግ 727 በኃይለኛ ነፋስ ምክንያት ከዋሽንግተን ናሽናል ወደ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ እንዲዞር ተደርጎ ለማረፍ ሲቃረብ፣ ቨርጂንያ ውስጥ ማውንት ዌዘር ከተባለው ከፍታ ጋር ተጋጭቶ የተሳፈሩት 92 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። የበረራ ተቆጣጣሪው ወደ ማረፊያው እንዲቀርቡ ፈቃድ ሲሰጣቸው፣ አብራሪዎቹ ከፊታቸው ያለው መሬት ለመውረድ አስጊ አለመሆኑ ተረጋግጦላቸዋል ብለው በመረዳት ወደ 1,800 ጫማ መውረድ ጀመሩ፤ በተቆጣጣሪዎቹ አሠራር ደግሞ ከመሬቱ የሚያስጠብቀውን ከፍታ መያዝ የአብራሪው ድርሻ ነበር። አንዱ ቃል በሁለቱ ወገኖች ዘንድ ሁለት ትርጉም ነበረው ማለት ነው። ጉዳዩን የመረመረው ቦርድ አባላት እንኳ የማን ድርሻ እንደሚያመዝን ተከፋፍለው ነበር።

ከዚህ ይልቅ የሚያስቆጨው፣ ከአደጋው ስድስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ የዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎች ያንኑ ፈቃድ በዚያው ሥፍራ በተመሳሳይ መንገድ ተረድተው ከተራራው ለጥቂት መትረፋቸው ነው። ዩናይትድ በዚያው ዓመት ሠራተኞቹ ቅጣት ሳይፈሩ የገጠማቸውን የሚያሳውቁበት የውስጥ ፕሮግራም ጀምሮ ስለነበር ዘገባው በወቅቱ ቀረበ፣ ኩባንያውም የራሱን አብራሪዎች አስጠነቀቀ፤ ማስጠንቀቂያው ግን ከኩባንያው ግቢ አልወጣም። 92 ሰዎችን ሊያድን ይችል የነበረው እውቀት ተገኝቶ፣ ተጽፎ፣ ሳይሻገር ቀረ።

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ በአጭሩ ኤፍ.ኤ.ኤ፣ በ1975 ለመላው ዘርፍ ከቅጣት ነጻ የሆነ የዘገባ ፕሮግራም አወጀ። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም የአብራሪን ፈቃድ የሚሰጠውም የሚነጥቀውም ይኸው መሥሪያ ቤት ስለነበር፣ በሌላው እጁ ቅጣት ለያዘ ተቀባይ ስህተትን አምኖ መንገር ለብዙዎች የሚዋጥ አልሆነም። መፍትሔው የተገኘው ዘገባውን የመቀበልና የመተንተን ሥራ በ1976 ለሕዋ ምርምር ተቋሙ ለናሳ በመስጠት ነው፤ ናሳ በበረራ ምርምር የተከበረ ሲሆን የማንንም ፈቃድ የመሰረዝ ሥልጣን ግን አልነበረውም። በአሠራሩ ዘጋቢው በሚሞላው ቅጽ ላይ ስሙና አድራሻው የሚጻፍበት ቁራጭ ተቀድዶ፣ የደረሰበት ቀን ታትሞበት ለራሱ ለዘጋቢው ይመለሳል፤ ከመመለሱ በፊት ተንታኞቹ የጎደለ ነገር ካለ ያነጋግሩታል፣ ከዚያም ማንነቱን የሚጠቁመው ሁሉ ከመዝገቡ ይፋቃል። ሳያውቅ ደንብ ጥሶ የተገኘ አብራሪ በ10 ቀን ውስጥ ዘገባ ማስገባቱን በዚያች ቁራጭ ወረቀት ካስረዳ፣ ጥሰቱ ቢመዘገብም ከቅጣቱ ሊድን ይችላል። ወንጀልና አደጋ የሆነ ነገር ግን ከዚህ ከለላ ውጭ ነው። ይህ በምሕረት ሳይሆን በልውውጥ የሚተዳደር ውል ነው፤ መንግሥት የአንድ ሰው ቅጣት ትቶ ሌሎች መቶዎች የሚማሩበትን መረጃ ይገዛል። እስካሁን ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ዘገባ መሰብሰቡ የውሉን መታመን ያሳያል።

ከዚህ ልምድ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ለአሠራሩ ስምና ወሰን ሰጡት። እንግሊዛዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጄምስ ሪዝን በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ «ፍትሐዊ ባህል» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለውን ጽንሰ ሐሳብ አብራርቷል፤ ትርጉሙም ሠራተኛ በቅንነት ስለሠራው ስህተት የማይቀጣበት፣ ነገር ግን ተቀባይነት ያለውና የሌለው ድርጊት ድንበር ለሁሉም ግልጽ የሆነበት የሥራ ሁኔታ ማለት ነው። ድንበሩን ለመለየት ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ «የመተካት ፈተና» ይባላል፤ በዚያው ሥልጠና፣ በዚያው ሰዓትና በዚያው ድካም ሌላ ሙያተኛ ቢተካ ያንኑ ያደርግ ነበር ወይ ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ «አዎ» ከሆነ መመርመር ያለበት ሰውየው ሳይሆን የቆመበት ቦታ ነው። ይህ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በተግባር የታየ ነገር ነው፤ የቢ-17 ቦምብ ጣይ አብራሪዎች ካረፉ በኋላ የክንፉን ታጣፊ ክፍል (ፍላፕ) እመልሳለሁ ብለው ጎማውን ሲያጥፉት «የአብራሪ ስህተት» እየተባለ ተመዝግቦ ነበር። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለው ተመራማሪ ግን ሁለቱ ማብሪያዎች ጎን ለጎን የተቀመጡና አንድ ዓይነት መሆናቸውን አስተዋለ፤ አንዱ ላይ የጎማ፣ ሌላው ላይ የክንፍ ቅርጽ ሲደረግ በእጅ ዳሰሳ መለየት ተቻለ።

በመሪዎች ዘንድ ከባድ አለመግባባት የሚፈጥረው የተመዘገቡ ስህተቶች ቁጥር ነው። ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን በሆስፒታል የነርሶች ቡድኖች መካከል ጥናት አድርጋ በ1996 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ በአመራርና በኅብረት የተሻሉት ቡድኖች በመድኃኒት አሰጣጥ ብዙ ስህተት የተመዘገበባቸው ሆነው ተገኙ። ያልተጠበቀው ውጤት ሲመረመር፣ የተሻሉት ቡድኖች ብዙ ሳይሳሳቱ ብዙ የሚናገሩ መሆናቸውን የሚጠቁም ሆነ። ስለዚህ በዓመቱ ማጠቃለያ «ምንም ስህተት አልተመዘገበም» የሚል ሪፖርት የሚያቀርብ ክፍል ከመሸለሙ በፊት ሊጎበኝ ይገባዋል።

ወደ ኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ሲመጣ ብዙዎች እንደሚሉት ችግሩ ስህተትን የመናገር ልማድ አለመኖር አይደለም፤ እንዲያውም ልማዱ ሞልቷል። በገጠር የነበረው አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ የሚቆይበት ሸንጎ ነበር፤ ለስርቆትና ለቃጠሎ የተዘጋጀ ስለሆነ ከሕዝቡ መካከል አንድ ጥፋተኛ መኖሩን አስቀድሞ ያምናል። በደርግ ዘመን ሂስና ግለ ሂስ፣ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ግምገማ በመንግሥት ተቋማት ውስጥ ስህተትን በአደባባይ የማመን ሥርዓት ሆነው ቆይተዋል። መልካቸው ግልጽነት ነው። ሆኖም የሠራተኛውን ኑዛዜ የሚሰሙትና ዕድገቱን፣ ዝውውሩን ወይም ስንብቱን የሚወስኑት ሰዎች ባንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡ በመሆናቸው፣ ልምድ ያለው ተገምጋሚ «አንዳንድ ጊዜ አርፍዳለሁ» የሚል ዓይነት ቀላል ጥፋት መርጦ ማቅረብን ይማራል፤ መድኃኒቱ የተበላሸበት ወይም ሒሳቡ የጎደለበት እውነተኛ ምክንያት ግን ሳይነካ ይቀራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረትም ሕመሙ የሚነገረው ለሐኪም መሆኑን እንደ ታወቀ ይቆጥራል፤ ለዳኛ የሚነገር ከሆነ መደበቅ ሞኝነት መሆኑ ያጠራጥራል።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች የሩቅ እንዳይሆን ያደረገው መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች የሞቱበት የበረራ ቁጥር 302 አደጋ ነው። ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ በፊት በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ 737 ማክስ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር፤ በሁለቱም ጊዜ ክንፉ ከሚገጥመው ነፋስ ጋር ያለውን ማዕዘን ከሚለካ አንድ መሣሪያ ብቻ መረጃ የሚቀበልና ከመጀመሪያው አደጋ በፊት በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ ያልተገለጸ ሶፍትዌር አውሮፕላኑን ወደ ታች ገፍቶታል። ከአደጋዎቹ በኋላ በአሜሪካ ብዙ ድምፆች የአብራሪዎቹን ብቃት አስቀድመው ጠየቁ፤ የመተካት ፈተናው ግን መልሱን አስቀድሞ ይዞ ነበር፤ በሁለት አገሮች ሁለት የተለያዩ ቡድኖች በአንድ ሶፍትዌር ፊት አንድ ዕጣ ገጥሟቸዋልና። የኢንዶኔዥያው አውሮፕላን ከመውደቁ አንድ ቀን በፊት ያበረሩት አብራሪዎች ያንኑ ችግር ገጥመው፣ በአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ የነበረ ሦስተኛ አብራሪም ረድቷቸው በሰላም አርፈው ነበር፤ በጥገና መዝገቡ ላይ የጻፉት ግን ሙሉ ስላልነበረ የማግስቱ አብራሪዎች የቀደመው ቡድን ያወቀውን ሳያውቁ ተነሡ። የማውንት ዌዘር ታሪክ በ44 ዓመት ልዩነት የተደገመ ያህል ነው።

በአምራቹ ኩባንያ በቦይንግ ውስጥ የነበረው ሁኔታ ደግሞ የመጣጥፉን መከራከሪያ በሌላ በኩል ያጠናክራል። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት እንደተመለከተው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገ የውስጥ መጠይቅ ኤፍ.ኤ.ኤን ወክለው አውሮፕላኖችን ከሚያረጋግጡ የቦይንግ ሠራተኞች መካከል ምላሽ ከሰጡት 39 በመቶ የሚሆኑት ተገቢ ያልሆነ ጫና እንዳስተዋሉ፣ 29 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ጫናውን ቢያመለክቱ መዘዙን እንደሚሰጉ ተናግረዋል። የመንግሥት ዓይን ሆነው እንዲመለከቱ የተሾሙት ሰዎች ደመወዛቸውን የሚያገኙት ከሚመለከቱት ድርጅት ነበር። እዚህ ላይ ፍትሐዊ ባህል ለድርጅቶች መሸሸጊያ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል፤ ቦይንግ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር በደረሰው ስምምነት ሠራተኞቹ ስለዚሁ ሶፍትዌር ኤፍ.ኤ.ኤን ማታለላቸውን አምኗል፣ ማታለል ደግሞ ከላይ በተሰጠው ትርጉም ስህተት አይባልም። የአደጋ ምርመራ ዓላማ መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መለየት አይደለም የሚለው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት 13ኛ አባሪም የፍርድ ቤትን መንገድ አይዘጋም፤ ሁለቱ በአንድ ክፍል እንዳይቀመጡ ብቻ ይጠይቃል።

በኢትዮጵያ ለዚህ አስተሳሰብ ቅርብ የሆነው ሙከራ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በጤናው ዘርፍ የሚሠራበት የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ ሥርዓት ነው፤ እናት በወሊድ ምክንያት ስትሞት የባለሙያም የሟችም ስም ሳይጠራ፣ ማንም ሳይወቀስ መዘግየቱ የት እንደ ነበር፣ ከቤት ለመውጣት ይሁን፣ በመንገድ ወይም በጤና ተቋሙ፣ ይመረመራል። ይሁን እንጂ ሌሊት አንዲት አዋላጅ ብቻ ተረኛ በምትሆንበት ጤና ጣቢያ ስም ከቅጹ ላይ መፋቁ ማንንም አይሰውርም፤ መርማሪዎቹም የሥራ አለቆቿ ናቸው። አሜሪካዊው ሥርዓት ዘጋቢውን የሰወረው በቅጹ ብልሃት ብቻ ሳይሆን ከአገሪቱ ሁሉ በሚመጡ ሺህ ዘገባዎች ውስጥ ስለሚጠፋ ጭምር ነው። በትናንሽ ተቋማት ዘገባው ከተቋሙ ወጥቶ፣ የብዙ ወረዳዎች ወረቀት በሚደባለቅበትና አዋላጇን መቅጠርም ማሰናበትም በማይችል ባለሙያ እጅ ቢሰበሰብ፣ የተማረው ነገር ተመልሶ ለሁሉም ጣቢያዎች ቢላክ፣ የስሙ መፋቅ ትርጉም ያገኛል።