የኔትስኬፕ ውድቀትና የበላይነት ዕድሜ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1995፣ ከተቋቋመ ገና አንድ ዓመት ከአራት ወር የሆነው ኔትስኬፕ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ አክሲዮኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ገበያ አቀረበ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ28 ዶላር የተተመነው አክሲዮን በዚያው ዕለት እስከ 75 ዶላር ደርሶ፣ ገበያው ሲዘጋ 58 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ቆመ። ገዢዎቹን ያጓጓቸው የኩባንያው ትርፍ አልነበረም፤ ትርፍ ገና አላገኘም ነበርና። ያጓጓቸው፣ በኢንተርኔት ከሚጠቀመው ሰው አብዛኛው ድረ ገጽ የሚከፍተው ናቪጌተር በተሰኘው የኩባንያው ብራውዘር መሆኑ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ አራት ዓመት ሳይሞላ ኔትስኬፕ ተሸጦ በሌላ ኩባንያ ሥር ገባ።

ብልጫው ግን የይስሙላ አልነበረም። ናቪጌተር ሥዕሎቹ ተጠቃልለው እስኪደርሱ ሳይጠብቅ ጽሑፉን አስቀድሞ ያሳይ ነበር፤ በቀርፋፋ የስልክ መስመር ለሚጠቀም ሰው ይህ ታላቅ እፎይታ ነው። ጃቫስክሪፕት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በ1995 የወጣው ከዚሁ ኩባንያ ሲሆን፣ ብሬንዳን አይክ የመጀመሪያውን ቅርጹን የሠራው በ10 ቀን ነበር። ቋንቋው ከወላጅ ኩባንያው በላይ ዕድሜ አግኝቶ እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ለኔትስኬፕ ግን አጥር አልሆነለትም። ድረ ገጽ የሚሠራበትን ደንብ በጄኔቭ የሚገኘው የምርምር ተቋም ሰርን በ1993 ለሁሉም ክፍት አድርጎት ስለ ነበር፣ መንገዱ የማንም ንብረት አልነበረም። ተጠቃሚውም አንዱን ብራውዘር ትቶ ሌላውን ለመያዝ የሚከስረው ነገር እምብዛም ነው።

ማይክሮሶፍት የራሱን ብራውዘር፣ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን፣ በዚያው በኦገስት 1995 አወጣ። የመጀመሪያው ሥራ ከናቪጌተር ያነሰ ነበር። ይሁንና በነጻ ከመታደሉም በላይ፣ ከጊዜ በኋላ በዓለም ላይ ባሉት የግል ኮምፒዩተሮች በአብዛኞቹ ላይ ከሚጫነው ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣ ጀመር። ኔትስኬፕ በበኩሉ አንድ ከባድ የምህንድስና ስሕተት ሠራ፤ ይኸውም ነባሩን ፕሮግራም ከማደስ ይልቅ ከመሠረቱ እንደገና ለመጻፍ መወሰኑ ነው። አራተኛው እትም በ1997 ወጥቶ ቀጣዩ ዐቢይ እትም፣ ስድስተኛው፣ እስከ 2000 መጨረሻ አልደረሰም። ጠላት በር ላይ ቆሞ ሳለ ቤትን አፍርሶ መሥራት ማለት ይህ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት በ1998 ማይክሮሶፍትን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ2000 ኩባንያው ለሁለት እንዲከፈል አዘዘ፤ የይግባኙ ፍርድ ቤት ግን በ2001 የመክፈሉን ትእዛዝ ሽሮ፣ የበላይነቱን በሕገ ወጥ መንገድ ጠብቋል የሚለውን ብይን አጸና።

ከድሉ በኋላ የሆነው ይበልጥ ያስገርማል። ማይክሮሶፍት ተቀናቃኝ ሲያጣ እጁን አጣጠፈ፤ በ2001 ከወጣው ስድስተኛ እትም እስከ ሰባተኛው አምስት ዓመት አለፈ። በዚህ መካከል ኔትስኬፕ በ1998 ለሕዝብ ከለቀቀው ምንጭ ኮድ የተወለደው ፋየርፎክስ በ2004 ብቅ አለ፤ በ2008 ደግሞ የጉግል ክሮም ተከተለ። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በጁን 2022 ጡረታ ወጣ። ማይክሮሶፍት ዛሬ የሚያድለው ኤጅ ከ2020 ጀምሮ የሚንቀሳቀሰው በተቀናቃኙ በጉግል መሪነት በተሠራ ሞተር ነው።

እንግዲህ በኢንተርኔት ንግድ የቴክኒክ ብልጫ ብቻውን ረዥም ዕድሜ አይሰጥም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚያዋጣው ከተጠቃሚው ፊት አስቀድሞ መገኘት ይመስላል፤ ይህም ራሱ በየጊዜው ዋጋ ይከፈልበታል። የፍለጋ አገልግሎቱ ከሁሉ ይበልጣል የሚባልለት ጉግል እንኳ በ2022 ብቻ በአፕል መሣሪያዎች ላይ ቀዳሚ ምርጫ ሆኖ ለመቆየት 20 ቢሊዮን ዶላር መክፈሉ በፍርድ ቤት ተገልጿል። ዳኛ አሚት ሜታ በኦገስት 2024 ጉግል የፍለጋ ገበያውን የያዘው ሕግን በመጣስ ነው ሲሉ ፈረዱ። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ጉግል ተፎካካሪን የሚያገልል ውል እንዳይዋዋል ሲከለክሉ፣ ክሮምን እንዲሸጥ ግን አላስገደዱትም።