ከልጓም እስከ ፍሬን

የራያ ሜዳ በላስታ ደጋና በዞብል ተራሮች መካከል ተዘርግቷል። ከቆረም ተነሥቶ ወደ ቆቦ የሚጓዝ የጭነት መኪና ይህን ሜዳ የሚያገኘው የግራካሱን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ አላማጣ ሲደርስ ነው። በዚያ ቁልቁለት ላይ «ፍሬን በጠሰ» ማለት የሞት መርዶ ነው። ዛሬ ግን ይኸው አነጋገር በመሸታ ቤትም ሆነ በሸንጎ ራሱን መግታት ላቃተው ሰው ሁሉ ይነገራል።

ፋሺስት ኢጣሊያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት የወረራ ዘመን ከአስመራ በደሴ በኩል አዲስ አበባ የሚዘልቀውን የመኪና መንገድ በዚህ ሜዳ ላይ አሳለፈ። ወራሪው ድል ተመትቶ ሲወጣ መንገዱ ቀረ፤ ከመንገዱም ጋር ጎማ፣ ካምቢዮና ፍሪሲዮን የሚሉት ቃላት ቀሩ።

ቃሉ እንግዳ ቢሆንም አነጋገሩ እንግዳ አልነበረም። ባለበቅሎው ሕዝብ አንደበቱን የማይገታውን ሰው «ልጓም የሌለው» ይለው ነበር። የሚያስገርመው ግን የኢጣሊያንኛው «ፍሬኖ»ም ሆነ የፈረንሳይኛው አቻው ሥር የላቲኑ «ፍሬኑም» መሆኑ ነው፤ ትርጉሙም ልጓም ነው። ልጓም ዞሮ ዞሮ ወደ ልጓም ተመለሰ።

የሥራ መሣሪያ የሰው ጠባይ መግለጫ የሚሆነው በአማርኛ ብቻ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሰሜን አሜሪካ ደኖች ግንድ የሚቆርጡ ሠራተኞች የተሰበረ መሣሪያቸውን ለከብት ድርቆሽ ማሰሪያ በሚውል ሽቦ ይጠግኑ ነበር። በዚህ ዓይነት ጥገና የሚኖረውን ሰፈር በሽቦው ስም «ሄይዋየር» አሉት። ቃሉ እያደር የተበላሸ ማሽንን፣ የተመሰቃቀለ ዕቅድንና ልቡ የተናወጠ ሰውን ሁሉ መግለጫ ሆነ። ጊዜያዊ መጠገኛው ራሱ የብልሽት ስም ሆኖ ቀረ።

ሁለቱ አነጋገሮች በአንድ ነገር ይገናኛሉ። ልጓሙን የሚበጥስ በቅሎ የራሱ ፈቃድ አለው፤ መኪና ግን ፈቃድ የለውም። ፍሬኑ የሚበጠሰው ሳይታይ በመቆየቱ፣ ወይም በሽቦ ታስሮ «ይደርሳል» በመባሉ ነው። ስለዚህ «ፍሬን በጠሰ» ተብሎ በሰው ሲሳቅ፣ ጥያቄው ስለ በጠሰው ብቻ ሳይሆን ከቁልቁለቱ በፊት ማየት ስለሚገባውም ሰው ነው። ሾፌር ይህን የሚጠይቀው ቆረም ላይ ሳለ ነው፤ ቁልቁለቱ ከተጀመረ በኋላ መልሱ አይጠቅምም።