የራዲዮ ዘፈንና የሰዓቱ ባለቤት

ዜማ ሁሉ ለሁሉ ሰዓት አይስማማም። ለሠርግ የተገባው ለልቅሶ ነውር ነው፤ ሕፃንን የሚያስተኛውም እንጉርጕሮ ሠራተኛን ያሰንፋል። በአንድ መንደር የሚዘፍን ሰው ይህን ለመለየት አይቸገርም፤ የሚሰሙትን በዓይኑ ያያቸዋልና። ራዲዮ በተነሣ ጊዜ ግን ዘፈኑን የሚልከው ሰው ሰሚዎቹን የማያይ ሆነ። በአንዱ ሰዓት አንዱ ይጸልያል፥ ሌላው ምሳውን ይበላል፥ ሦስተኛውም መዶሻ ይዞ ይሠራል። እንግዲህ ሰዓቱ የማን ነው? የእንግሊዝ ራዲዮ ታሪክ የዚህን ጥያቄ ክብደት ይገልጣል፤ ዓመታቱም በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የቢቢሲ የመጀመሪያው ዋና አስተዳዳሪ ጆን ሪት የስኮትላንድ ቄስ ልጅ ነበረ። ከ1922 እስከ 1938 ሥራውን ሲመራ፥ ራዲዮ ሕዝብን የሚያስተምር እንጂ ሥራ ፈትን የሚያጫውት ብቻ እንዲሆን አልፈቀደም። እሑድ ጧት፥ ሕዝቡ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚሄድበት ሰዓት፥ ጣቢያው ለብዙ ዘመን ዝም ይል ነበር። ከቀትር በኋላም ስብከት፥ መዝሙርና ከባድ ሙዚቃ ይሰማ ነበር እንጂ የዳንስ ዘፈን አይሰማም ነበር።

ነገር ግን የራዲዮን ድምፅ የአገር ድንበር አያግደውም። በ1931 ከፈረንሳይ ራዲዮ ኖርማንዲ፥ በ1933 ደግሞ ራዲዮ ሉክሰምበርግ በእንግሊዝኛ ማሰማት ጀመሩ። ወጪያቸውን የሚከፍሉት ዕቃቸውን የሚያስታውቁ ነጋዴዎች ስለ ነበሩ፥ ሰው በቤቱ የሚያርፍበትን እሑድን መርጠው በቀላል ዘፈን ሞሉት። ብዙ ሰውም በዚያ ቀን የአገሩን ጣቢያ ትቶ ወደ እነርሱ ዞረ። ሪት ሰዓቱን ጠበቀ፤ ሰሚውን ግን አጣ።

ጦርነት ሲመጣ ሌላ ዓይነት ብልሃት ተገኘ። በ1940 መጀመሪያ ለወታደሮች የተለየ ፕሮግራም ተከፍቶ የእሑዱ ሥርዓት ላላ። በዚያው ዓመት በጁን 23 ቀን ለፋብሪካ ሠራተኞች የሚሆን የሙዚቃ ዝግጅት ተጀመረ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩልና ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት፥ ማለት ሠራተኛው በሚደክምበትና በሚሰለችበት ጊዜ፥ ለግማሽ ግማሽ ሰዓት ይሰማ ነበር። በ1941 የዝግጅቱ ኀላፊ የሆነው የሙዚቃ መሪ ዊንፎርድ ሬይኖልድስ ደንብ አወጣ፦ ዜማው የታወቀ ይሁን፤ ድምፁ በመኪናው ጩኸት እንዳይዋጥ ከፍና ዝቅ አይበል፤ የሚያፈዝ ዘፈን አይግባ። ስለ ቴክሳስ የተዘፈነ አንድ ተወዳጅ ዘፈን እንኳ ተከለከለ፤ ሠራተኞቹ ከዜማው ጋራ ለማጨብጨብ እጃቸውን ከሥራ ያነሡ ነበርና።

እንግዲህ ልዩነቱን መመልከት ይገባል። ሪት ሰሚው ጆሮውን አቅንቶ እንዲያዳምጥ ፈለገ፤ የፋብሪካው ዘፈን ግን ሰሚው ብዙ ሳያስተውለው እጁን እንዲያተጋ ተፈለገ። ይህ ዝግጅት እስከ 1967 መቆየቱ፥ ሰሚውን የሚያውቅ ሰው ሰዓቱን እንደሚያገኝ ያስረዳል። ሆኖም ነጋዴው የፈለገው ገዢን ነው፤ ፋብሪካውም የፈለገው እጅን ነው። የሪት ስሕተት ሰሚውን አለማየቱ ነበር እንጂ፥ ዘፈኑ ለሰውየው ለራሱ ምን ይጠቅመዋል ብሎ መጠየቁ አልነበረም። ስለዚህ ሰዓትን ለሌላው የሚያከፋፍል ሁሉ ሁለቱን አንድነት ሊጠይቅ ይገባዋል፦ ሰሚው አሁን ምን ይሠራል? የሰማውስ ምን ይረባዋል?