መንገድ፣ አዳር፣ ኑሮ

ከጎንደር ሐዋሳ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባለፈው ዓመት በሐምሌ፣ የባለቤቴ የሥራ ዝውውር ሲመጣ፣ የአራት ዓመት ልጃችንንና ገና ጥርስ ያላወጣ ወንድሟን ይዘን ያንን መንገድ ተጓዝን። ዕቃችን በአይሱዙ ከእኛ ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሁለት ቀን ዘገየና እኛ ቀድመነው ደረስን። የአዲሱን ቤት በር ስንከፍት የተቀበለን ባዶ የሲሚንቶ ወለል ነው። በእጃችን ያለው ሁለት ጋቢ፣ የልጆች ልብስ የታጨቀበት ሻንጣና፣ ለጭነት ስላላመንኩት ከጎንደር ጀምሮ ጭኔ ላይ ይዤው የመጣሁት የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ብቻ ነበር።

ልጄ ባዶውን ሳሎን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ "እማዬ፣ ዛሬ እዚህ ነው የምናድረው?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። በማግስቱ ማታም ጠየቀችኝ። ዕቃው መጥቶ የራሷ አልጋ ከተዘረጋላት በኋላም ሲመሽ ያንኑ ትጠይቅ ነበር።

ጥያቄዋ የቆመው በአንድ ግስ ላይ ነው፤ ማደር። ሰው የሚያድረው ዘመድ ቤት ነው፣ ሆቴል ነው፣ መሽቶበት ከደረሰበት ነው። የገዛ ቤቱ ከሆነ ዛሬ እዚያ ያድር እንደሆነ ማን ይጠይቃል? ልጄ ይህን ልዩነት ማንም ሳያስተምራት ታውቀዋለች። እኔም ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሦስት ቃላትን ስከተል ከረምኩ፤ መንገድን፣ አዳርንና ኑሮን። የሦስቱም ሥር በግዕዝ ይገኛል፤ ሦስቱም በተራ አንድ ቤተሰብ ከቤቱ ወጥቶ ሌላ ቤት እስኪያበጅ የሚያልፍበትን ደረጃ ይናገራሉ።

መንገድ የወጣው ነገደ ከሚለው ግስ ነው። ዛሬ "ነገደ" ስንል ሸጠ፣ ለወጠ፣ አተረፈ ማለታችን ነው፤ በግዕዝ ግን ነገደ ማለት ሄደ፣ ተጓዘ ማለትም ነው። ንግድ ያለ ጉዞ በማይታሰብበት ዘመን፣ ሲራራ ነጋዴ በቅሎና አህያውን ጭኖ ወራት በሚጓዝበት ጊዜ፣ መሄድና መነገድ በአንድ ቃል ቢጠሩ አያስደንቅም። ከዚሁ ሥር እንግዳ የሚለው ቃላችን ወጣ። እንግዳ መንገደኛ ነው፤ ከነጋዴው ጋር አንድ አባት አላቸው። ልዩነታቸው በእጃቸው ባለው ነው፤ አንዱ ሸቀጥ ይዟል፣ ሌላው የያዘው የመሸበትን ሰዓት ብቻ ነው።

ዘግይቶ ያስጨነቀን ጓዝም የጉዞ ወንድም ነው። ሁለቱም ግዕዘ ከሚል ግስ ጋር ይዛመዳሉ፤ ትርጉሙ ከስፍራ ወደ ስፍራ ተጓዘ፣ ሰፈሩን ለቅቆ ሄደ ማለት ነው። ጓዝ እንግዲህ ከሰው ጋር የሚጓዘው ሁሉ ነው። ልጅ ያለው ሰው የጓዙ አብዛኛው ክፍል በአይሱዙ የማይጫን መሆኑን ያውቃል፤ ልጅቷ የለመደችው የጎረቤት ድመት፣ አያቷ ማታ ማታ የምታወራላት ተረት፣ የግቢው የኮክ ዛፍ። እነዚህ ጎንደር ቀሩ።

ወደ ሁለተኛው ቃል ልሂድ። በዚያ የመጀመሪያ ማታ የሐዋሳ ትንኝ ልጆቹን እንዳይነድፍብን ባለቤቴ ከመንገድ ማዶ ካለ ሱቅ አጎበር ገዝቶ መጣ። አልጋ ስለሌለ አንዱን ጫፍ ከመስኮቱ ብረት፣ ሌላውን ከበሩ እጀታ አሥረን፣ ጋቢውን ወለሉ ላይ አንጥፈን፣ አራታችንም በአንድ አጎበር ሥር ተኛን። ልጆቹ እንቅልፍ ሲወስዳቸው በስልኬ መብራት መዝገበ ቃላቱን ከፈትኩ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ቃላቱን የደረደሩት በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ ነውና የሚፈልጉት ቃል ላይ ለመድረስ ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ የፈለግሁት ኀደረን ነበር።

አደረ የምንለው ግስ በግዕዝ ኀደረ ነው። አማርኛ የጉሮሮ ፊደላትን ድምፅ ስለተወ ኀለፈ አለፈ፣ ኀጸረ አጠረ፣ ሐረሰ አረሰ ሆኗል፤ ኀደረም እንዲሁ አደረ ሆነ። በግዕዝ ትርጉሙ ሰፊ ነው። ሌሊቱን አሳለፈ ብቻ ሳይሆን ኖረ፣ ተቀመጠ፣ ማደሪያው አደረገ ማለት ነው። የዮሐንስ ወንጌል ቃል ሥጋ ሆኖ ከሰው ጋር መኖሩን ሲናገር ግዕዙ የሚጠቀመው ይህንኑ ግስ ነው፤ በዚያው ስፍራ የግሪኩ ቃል ድንኳን ተከለ የሚል መልክ አለው።

የኀደረ ዘመዶች በሌሎቹ ሴማዊ ቋንቋዎችም አሉ። ዕብራይስጥ ክፍልን ሔደር ይለዋል። ዓረብኛ ደግሞ ኺድር ሲል መጋረጃን፣ በመጋረጃ የተከለለ የሴቶች ማደሪያን ይጠራል። ከእኛው ከጎንደር አካባቢ ወጥተው ዛሬ ነታንያ ወይም አሽዶድ የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ቤት፣ እናት በአማርኛ "እንደምን አደራችሁ" ስትል ልጅ በዕብራይስጥ "ሔደር" እያለ ስለ ክፍሉ ያወራል። እናትና ልጅ በሁለት ቋንቋ የአንድ ሥር ሁለት ቅርንጫፎችን ይዘዋል። እኔም በዚያች ሌሊት በአጎበሩ ውስጥ ሆኜ ዙሪያዬን አየሁ። ክፍሉ፣ መጋረጃው፣ ድንኳኑ፣ ሌሊቱ፤ ሁሉም በአንድ ጨርቅ ሥር ተሰብስቧል።

በአማርኛ ከዚህ ግስ የተወለደው ብዙ ነው። ሰው በምን እንደሚኖር ስንናገር ያደረበትን ሥራ እንጠራለን፤ አርሶ አደር፣ አርብቶ አደር፣ ሠርቶ አደር፣ ወዝ አደር። ቤት የሚመራው አስተዳዳሪ ነው፤ ከተማም የሚመራው አስተዳደር ነው፤ እድርም የሚኖረው በመተዳደሪያ ደንብ ነው። ማስተዳደር በሥሩ ሲታይ ሰዎች ሌሊቱን በሰላም እንዲያድሩ ማድረግ ነው፤ ከዚህ የበለጠ የሹመት ትርጉም እኔ አላውቅም። ደግሞም ትዳር አለ። ሁለት ሰዎች ሠርግ የሚደግሱት በአንድ ቀን ነው፤ ትዳር የሚሆነው ግን አብሮ በማደር ነው፣ በሌሊት ላይ ሌሊት እየተጨመረ። የትዳርን ስም ከድግሱ ሳይሆን ከአዳሩ ያወጡ ሰዎች ነገሩን ጠልቀው አይተውታል።

ጎጃሜ፣ ጎንደሬ፣ ሸዌ ሳይል፣ ያገራችን መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ቆሞ የሚለው "የመሸበት እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ" ነው፤ ባለቤቱም "ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ" ይለዋል። በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ነገደና ኀደረ ይገናኛሉ። መንገዱ በር ላይ ያበቃል፤ አዳሩ ከበሩ ውስጥ ይጀምራል።

በማግስቱ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። በዕድሜ የገፉ ሲዳማ እናት ናቸው፤ በአንድ እጃቸው የቡና ጀበና፣ ከኋላቸው ሁለት ወንበርና በርጩማ የተሸከመ የልጅ ልጃቸው። "ዳኤ ቡሹ" አሉን በቋንቋቸው፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው። ቀጥለው በአማርኛ፣ "እንደምን አደራችሁ ልጆቼ? መብራት ሳይ ባዶ ቤት ናችሁ ብዬ ሌሊቱን ሳስባችሁ አደርኩ" አሉ። በየቀኑ ከማንም ጋር የምለዋወጠውን ሰላምታ በዚያ ጠዋት እንደ ጥያቄ ሰማሁት። እንዴት አደራችሁ? ሌሊቱ እንዴት ተቀበላችሁ? በዚያች ከተማ ስለ ሌሊታችን የጠየቁን የመጀመሪያዋ ሰው እሳቸው ናቸው። አለቀስኩ። እሳቸውም ዝም ብለው ጀርባዬን ዳበሱኝና፣ "አይዞሽ፣ ውሎ አድሮ ይለመዳል" አሉኝ።

ጎረቤት የሚለውን ቃል ከዚያ ቀን በፊት መርምሬው አላውቅም ነበር። ሁለት ቃል ነው፤ ጎርና ቤት። ጎር በግዕዝ ጎረቤት ማለት ነው፤ አማርኛ ቤትን ጨመረበት። በዓረብኛ ጎረቤት ጃር ነው። በዕብራይስጥ ግን የዚሁ ሥር ልጅ የሆነው ጌር መጻተኛ ነው፤ ከሌላ አገር መጥቶ በሕዝቡ መካከል የሚኖር ሰው። ስለዚህ አንዱ ሥር እንደ ቋንቋው አንዴ ከቤትህ አጠገብ ያለውን ሰው፣ አንዴ ከሩቅ የመጣውን ሰው ይጠራል። ለእኔ የሁለቱ መዛመድ ግልጽ ነው። መጻተኛ ከአንድ ቤት አጠገብ ሲያድር ጎረቤት ይሆናል። ሐዋሳ ራሷ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ከየአቅጣጫው የመጣ መጻተኛ እርስ በርሱ እየተጎራበተ የሞላት። ከተማ የሚለው ቃልም ቢሆን ቀድሞ የጦር ሰፈር፣ ንጉሥና ሠራዊቱ የሚያርፉበት ስፍራ ማለት ነበር። ሰፈርም እንደዚያው ነው፤ የአዲስ አበባዎቹ ደጃች ውቤ ሰፈርና ራስ ካሳ ሰፈር መኳንንቱ ከነተከታዮቻቸው የሰፈሩባቸው ቦታዎች ነበሩ። ዛሬ ቋሚ የምንላቸው ከተሞች ትናንት ድንኳን የተተከለባቸው ናቸው።

በዚያ ጠዋት በተዋስናቸው ወንበሮች ላይ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ ሦስተኛው ቃል ከሥራችን ነበር። ወንበር መንበር ከሚለው የመጣ ነው፤ መንበርም ነበረ ከሚለው ግስ ነው። ነበረ በግዕዝ ተቀመጠ፣ ኖረ ማለት ነው። ይኸው ግስ በአማርኛ በሁለት መንገድ ሄደ። በአንድ በኩል "ነበረ" እንዳለ ቀርቶ ያለፈውን የምንናገርበት ሆነ። በሌላ በኩል "በ" ወደ "ወ" ላልቶ፣ ከዚያም ተውጦ ኖረ ተባለ፤ ኑሮ፣ መኖሪያ፣ አኖረ ከዚያ መጡ። ነዋሪ በሚለው ቃል ውስጥ ያ ወ ዛሬም ይሰማል። እንግዲህ ነበር፣ ኑሮና ወንበር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። "የት ነው የምትቀመጠው?" ብለን የሰውን መኖሪያ የምንጠይቀውም በዚሁ አስተሳሰብ ነው። ኑሮ መቀመጥ ነው።

ዕቃው ከመጣ በኋላ መታወቂያ ለማውጣት ቀበሌ ሄድን። ከጎንደር የያዝነው ወረቀት መሸኛ ይባላል፤ ሸኘ ከሚለው። መሥሪያ ቤት በማኅተም የሚሰጠው ወረቀት ዘመድ በር ድረስ ወጥቶ በሚያደርገው ነገር መጠራቱ ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ መሸኛውን አነበበች፣ የአራታችንን ስም በእጇ ጻፈች፣ ከመደርደሪያው አዲስ ካርቶን አወረደችና፣ "ማኅደራችሁ ተከፍቷል" አለች። ማኅደር! የኀደረ ልጅ፤ ትርጉሙ ማደሪያ። በአብያተ ክርስቲያናት መጽሐፍ የሚያድርበት የቆዳ ከረጢት ማኅደር ነው፤ በመሥሪያ ቤት ደግሞ ወረቀት የሚያድርበት ካርቶን። ስማችን ከእኛ ቀድሞ ማደሪያ አገኘ።

ያ መዝገበ ቃላት ራሱ ከእጅ ወደ እጅ እያደረ የመጣ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ሥራውን የተረከቡት ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ ነው፤ ለብዙ ዓመታት ከአገራቸው ርቀው ኢየሩሳሌም ሲኖሩ ቃላቱ አብረዋቸው ነበሩ። እሳቸው ሲያርፉ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ተረክበው በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አሳተሙት። ሩቅ አገር የሄደ ሰው ቃላቱን ቢይዝ ባዶ እጁን አልሄደም ብዬ የማምነው ይህን ስለማውቅ ነው።

ልጆች ይዞ ለሚዛወር ሰው ከዚህ ሁሉ የማካፍለው አንድ ነገር ነው። ቤቱን ለማስተካከል አትጣደፉ፤ ሌሊቱን አስተካክሉ። ልጅ በለመደው ሰዓት ይተኛ፤ የለመደውን ብርድ ልብስ ይልበስ፤ አያቱ በስልክም ቢሆን ተረቱን ታውራለት። ቤት የሚሆነው በአዳር ነው፤ አዳርም ከመቆጠር ሌላ መንገድ የለውም።

በመስከረም ልጄ መጠየቋን ተወች። መቼ እንደተወች ልብ አላልኩም። በታኅሣሥ ለገና ጎንደር እንሄዳለን ተባብለን ከእናቴ ጋር በስልክ ስናወራ ልጄ ስልኩን ነጠቀችኝና፣ "እቴቴ፣ እናንተ ቤት ስንት ቀን ነው የምናድረው?" አለቻት። እናቴ ለአፍታ ዝም አለች። የተወለደችበትን ቤት፣ ኮኩን ቆጥራ ያደገችበትን ግቢ፣ "እናንተ ቤት" አለችው፤ እዚያ ማደርንም እንደ እንግዳ ጠየቀች። ከዚያ እናቴ፣ "የፈለግሽውን ያህል እደሪ የኔ ልጅ" ስትላት ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ሐዋሳ ውስጥ፣ ለጎረቤታችን ለእማማ ወንበራቸውን ከመለስንላቸው በኋላ በገዛነው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር።