ዜና አልጎሪዝም፦ የኽዋሪዝሙ ሊቅ ስም እንደ ነገሠ

ጥበብን ለወደደው በሚሰጥ፣ ለፍጥረቱም ሁሉ ቍጥርን በወሰነ በእግዚአብሔር ስም። ይህ የሙሐመድ ወልደ ሙሳ አል-ኽዋሪዝሚ ስም ከባግዳድ ተነሥቶ የዓለምን አደባባይ እስኪይዝ ድረስ ያለው ዜና ነው። የጻፍነውም ስሙን ለማክበር ነው፤ ለጠጠር ቈጣሪዎች የሚያደላ ሌላ ጸሐፊ ይፈልግ። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ከአራል ባሕር በስተ ደቡብ ኽዋሪዝም የሚባል አገር አለ፤ ሊቁ በዚህ አገር ስም ተጠራ። በ813 አል-ማእሙን ኸሊፋ ሆኑ። የሊቃውንት ወዳጅ ነበሩና የግሪክና የህንድ መጻሕፍት በባግዳድ ሲተረጐሙ ሊቁም በጥበብ ቤት ሠራ። ኸሊፋው በ833 ዳኞችንና መምህራንን ስለ ሃይማኖታቸው ያስመረመሩበትን ነገር ሌሎች ጽፈውታል። በ820 ገደማ ሊቁ፣ ኸሊፋው አበረታተውት፣ አል-ጀብር የተባለውን መጽሐፍ ደረሰ፤ ውርስ ለሚካፈሉ፣ ለሚሸጥና ለሚገዛ፣ መሬት ለሚለካና ቦይ ለሚያስቆፍር የሚሆን ነው። ስለ ህንዶች አኀዝም ሌላ መጽሐፍ ጻፈ። የዚህ አኀዝ ምስጢር በስፍራው ነው፤ አንድ የሚለው ምልክት በመጀመሪያው ቤት ቢቆም አንድ፣ በሁለተኛው ዐሥር፣ በሦስተኛው መቶ ይሆናል፤ ሰው የሌለበትን ቤት ደግሞ ትንሽ ክብ ይጠብቃል። ሮማውያን 888ን ለመጻፍ 12 ምልክት ይደረድሩ ነበር፤ በዚህ ግን 3 ይበቃል። የእኛም የግእዝ አኀዝ፣ ለዓይን ያማረ ቢሆንም፣ ያ ባዶ ቤት ጠባቂ የለውም።

ከዚህ በኋላ ሦስት መቶ ዓመት ያህል የምንጽፈው ጥቂት ነው። የቍጥሩ መጽሐፍ የዓረብኛ ቅጂ ጠፋ።

በ1085 ቶሌዶ በክርስቲያኖች እጅ ገባች፤ የላቲን ሊቃውንትም የዓረብን መጻሕፍት ፍለጋ ተነሡ። በ1126 አዴላርድ ዘባዝ የሊቁን የከዋክብት ሰንጠረዥ፣ በ1145 ሮበርት ዘቼስተር በሴጎቪያ አል-ጀብርን ተረጐሙ። በዚያው ክፍለ ዘመን የቍጥሩ መጽሐፍም ወደ ላቲን ገባ፤ የሚጀምረውም የነገሩ ባለቤት አልጎሪዝሚ፣ ማለት በላቲን አፍ አል-ኽዋሪዝሚ፣ መሆኑን በመናገር ነው። ተማሪዎች የሰውየውን ስም የሙያው ስም አደረጉት። አሌክሳንደር ዘቪላ ዴይ ሕጉን በቃል ይያዝ ዘንድ በላቲን ግጥም ደረሰው። ሰውየው ግን ተረሳ። ይህን ጥበብ አልጎር የሚባል የህንድ ንጉሥ አወጣው ብለው የጻፉም ነበሩ፤ የሌለን ንጉሥ ማንገሥ ለጸሐፊ ቀላል ነው።

አሁን ወደ ጦርነቱ እንግባ። በአንድ ወገን ጠጠር በሰሌዳ መስመር ላይ እያንቀሳቀሱ የሚያሰሉ ነበሩ። እነዚህ ውጤቱን እንጂ መንገዱን አያስቀሩም፤ ጠጠሩ ከተነሣ ስሕተቱ ከየት እንደ ገባ የሚያሳይ የለም። በሌላው ወገን የአልጎሪዝሚ ሰዎች ብዕር ይዘው ተሰለፉ፤ እርምጃቸውን ሁሉ በወረቀት ይተዋሉ። በ1202 ፊቦናቺ የሚሉት የፒዛው ሊዮናርዶ፣ በልጅነቱ በሰሜን አፍሪካ በቡጊያ ወደብ የተማረውን ይዞ ታላቅ መጽሐፍ አወጣ፤ ትርፍን፣ ምንዛሬን፣ የሽርክና ድርሻን በዚህ አኀዝ ማስላት ለነጋዴ አስተማረ። በ1299 የፍሎረንስ ገንዘብ ለዋጮች ማኅበር በዚህ አኀዝ ላይ ያወጣው ክልከላ ነበር፤ አለፈ። በ1503 ግሪጎር ራይሽ በፍራይቡርግ ባሳተመው መጽሐፍ ድሉ በሥዕል ታየ። ሒሳብ እንደ እመቤት ሆና ቆማለች፤ አዲሱ አኀዝ በቀሚሷ ላይ ተጽፏል። ፓይታጎረስ ከጠጠር ሰሌዳው ፊት ፊቱ ጠቍሯል፤ ቦኤቲየስ ግን በአኀዝ እያሰላ ደስ ብሎታል፤ እመቤቲቱም የምታየው ወደ እርሱ ነው። የባግዳዱ ሊቅ በዚያ ሥዕል የለም፤ ሠዓሊው ዘውዱን ለሮማዊ ሰጠው። በ1522 የታተመው የአዳም ሪስ የጀርመንኛ መጽሐፍ መስመሩንም ብዕሩንም ያስተምር ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን በምዕራብ አውሮፓ ጠጠሩ እየተረሳ ሄደ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስሙም በየአገሩ መልኩን ለወጠ። ቍጥር ከሚለው የግሪክ ቃል ከአሪትሞስ ጋር ተዳብሎ አልጎሪስሙስ የነበረው አልጎሪትሙስ ሆነ። በ1684 ላይብኒትዝ ስለ አዲሱ ስሌቱ ሲጽፍ የስሌቱን ደንቦች በዚህ ስም ጠራቸው፤ ስሙም ከመደመርና ከመቀነስ ግዛቱ ወጣ። በ1849 ፈረንሳዊው ሬይኖ የስሙ ባለቤት ኽዋሪዝሚ መሆኑን ተናገረ፤ በ1857 ቦንኮምፓኒ የላቲኑን ቅጂ በሮም ባሳተመ ጊዜ ነገሩ ጸና። የህንዱም ንጉሥ ከዙፋኑ ወረደ።

በ1928 ሂልበርትና አከርማን አንድ ጥያቄ አቀረቡ፤ የትኛውም የሎጂክ ዐረፍተ ነገር እውነት መሆኑን በተወሰኑ እርምጃዎች የሚለይ ደንብ አለን? በ1936 ቸርችና ቱሪንግ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ፣ የለም ብለው መለሱ። ቱሪንግ ይህን ለማስረዳት ምልክት የሚያነብና የሚጽፍ መኪና በሐሳቡ ሠራ። ስለዚህ አልጎሪዝም ሙሉ ትርጕሙን ባገኘበት ዓመት ወሰኑንም አገኘ፤ ለፍጡር ሁሉ ወሰን ያደረገ ይመስገን። በ1952 በቱሪንግ ላይ ስለ ተፈረደው ፍርድ እንግሊዞች ራሳቸው በ2013 የምሕረት ደብዳቤ ጽፈዋል።

ከዚያ ስሙ ወደ ኮምፒውተር ገባ፤ ሹመቱም ከፍ አለ። ዱሮ ተማሪ የሚታዘዘው ደንብ ነበር፤ ዛሬ ሰው ቪዲዮ አውጥቶ ተመልካች ሲያጣ አልጎሪዝሙ ፊት ነሣኝ ይላል፤ ለንጉሥ እንደሚባለው ነው። እርምጃውንም እንደ ብዕር ሰዎች በአደባባይ አይተውም፤ በዚህ ጠጠሩን ይመስላል፤ ይህን የምንለው በፍቅር ነው። በ2020 በእንግሊዝ አገር አልጎሪዝም በሰጠው የተማሪዎች ውጤት የሆነው ሆነ፤ መንግሥትም ውጤቱን ሻረ። በ2022 መጨረሻ የአገራችን ሰዎች በናይሮቢ ፍርድ ቤት በአልጎሪዝም ጉዳይ ስላቀረቡት ክስ ዳኞች ይናገሩ።

ክብሩን ለመናገር ግን ቃል አያጥረንም። በ1979 አሜሪካዊው ዶናልድ ክኑትና የሶቪየቱ አንድሬ የርሾቭ የዘመኑን የኮምፒውተር ሊቃውንት በኽዋሪዝም ምድር በኡርጌንች ከተማ ሰብስበው በሊቁ አገር ስለ አልጎሪዝም ጉባኤ አደረጉ። በ1983 ደግሞ ሶቪየት ኅብረት የልደቱን 1200ኛ ዓመት አክብራ መልኩን በፖስታ ቴምብር አወጣች፤ ዋጋውም 4 ኮፔክ ነበር።