ከግሸን መንገድ የተነሣች ሕፃን

ውጫሌ በታሪክ ዘንድ ጎልታ የምትታወሰው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ነው። ከዚሁ ከአምባሰል ምድር ግን፣ ከግሸን ማርያም ጉዞ፣ በወረቀት ያልሰፈረ ሌላ ቃል ኪዳን ተገኝቷል።

ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1928 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። አባታቸው በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ስለ ተገደሉ በአያቶቻቸው እጅ አደጉ። በልጅነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ቢዳሩም ያን ትዳር ጥለው አዲስ አበባ ገቡ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በሌላ ትዳር ሳሉ፣ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ሲሄዱ ረሀብ ከጣለው ሕዝብ መካከል የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አገኙ። አንሥተውም ወደ ቤታቸው ወሰዷት። ዓመት ሳይሞላ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ።

ያልወለዱትን ማሳደግ ለሕዝባችን አዲስ አይደለም። «የጡት ልጅ» የሚለው የቆየ ልማድ፣ ከኦሮምኛ የተገኘው «ጉዲፈቻ» የሚለውም ቃል ለዚህ ምስክሮች ናቸው። ይሁን እንጂ ይህ ሸክም ትዳርን ይፈትናል። እ.ኤ.አ. በ1941 ጆርጅ ስቲቨንስ ያዘጋጀው፣ ኬሪ ግራንትና አይሪን ደን የተወኑበት «ፔኒ ሰረናድ» የተሰኘው ፊልም ይህንኑ ያሳያል። ባልና ሚስቱ ያሳደጓት ሕፃን ስትሞትባቸው ትዳራቸው ሊፈርስ ይቃረባል፤ መልሶ የሚያቆማቸውም ሌላ ሕፃን ለማሳደግ መጠራታቸው ነው።

የወይዘሮ አበበች ታሪክ የተገላቢጦሽ ነው። ባለቤታቸው ከትዳራቸውና ከልጆቹ አንዱን እንዲመርጡ ጠየቋቸው፤ እርሳቸውም ልጆቹን መርጠው ከቤት ወጡ። ባልየውን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ 21 ነፍስ በአንድ ጎጆ ማኖር ለማንም ቀላል አይደለምና። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ባለትዳር የሆነ ሰው ጉዲፈቻ ሲያደርግ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንዲኖር ማዘዙ ያለ ምክንያት አይደለም።

ወይዘሮ አበበች እንጀራና ዳቦ እየሸጡ ልጆቹን መገቡ። ጥረታቸውም በ1978 ዓ.ም. በሕግ የታወቀ ድርጅት ሆነ፤ እርሳቸው ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ቀን ድረስም ብዙ ሺህ ሕፃናትን ረዳ።

የውጫሌው ውል በ17ኛው አንቀጽ ትርጉም ተጣልተው አፈረሱት። በግሸን መንገድ የተገባው ቃል ኪዳን ግን አስተርጓሚ አላሻውም፤ ጸንቶም እስከ ዕለተ ሞት ዘልቋል።